በጣም ረክቻለሁ

ሀሮ ቡሳ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአሚራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከነጉድለታችን አለን። የኩዌት ሙቀት እንዳይጎዳሽ፣ አሠሪዎችሽም ልባቸው እንዲራራልሽ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ዱዓ አደርግልሻለሁ።

አጎቴ ስልክ ለምን አያነሳም ብለሽ ለእናትሽ አማርረሻል አሉ። ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የቡና መፈልፈያ ማሽን ሳዞር ኖሬ፣ ማሽኑ ሲሸጥ ጆሮዬን ይዞት ሄደ። በቀኜ በኩል ቢጮኹልኝ ትንሽ ይገባኛል፤ ስልክ ግን ለእኔ የሚንጫጫ ዕቃ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮው እጽፋለሁ። በገበያ ቀን የቡ ከተማ እሄድና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ደበበ ወረቀቱን አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል፤ ያንቺንም አትሞ ይሰጠኛል። ሁሉንም እንደሚያነበው እወቂ። ባለፈው የደመወዝሽን መጨመር ከአንቺ ቀድሞ ያበሰረኝ እሱ ነው።

"እናቴን በስልክ ስጠይቃት አልሐምዱሊላህ ብቻ ትለኛለች፤ እውነቱን እርስዎ ይጻፉልኝ" ብለሻል። እሺ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እናትሽ ዙቤይዳ የቡናችንን ሥር ስትመነጥር የተቆረጠ ጉቶ በኮንጎ ጫማዋ አልፎ የግራ እግሯን አውራ ጣት ወጋት። ይኸው እስካሁን አልደረቀም። ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ሄድን። በመጀመሪያው ቀን ካርድ ክፍሉ ተዘግቶ ዘበኛው "ቦሩ ኮታ" ብሎ መለሰን፤ ነገ ኑ ማለቱ ነው። በነጋታው ነርሷ ጵርስቅላ አየቻት። ከሆሳዕና በኩል የመጣች ልጅ ናት፣ እጇ ደግ ነው። "ስኳር ሳይሆን አይቀርም" አለች። ማሽኑ አለ፤ ማሽኑ ላይ የሚሰካው ወረቀት ግን ካለቀ ሁለት ወሩ። በሦስተኛው ጊዜ ወረቀቱ መጣ ተብለን ሄድን። የመጣው ለሌላ ማሽን የሚሆን ነው።

እዚያ መለኪያው ከነወረቀቱ ከተገኘ በሚመጣ ሰው ላኪልን። ሌላ የሚያስፈልገን የለም።

አጎትሽ ኸይሩ


ኩዌት፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ኸይሩ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጥላዎን ከቤታችን አያርቅብን። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት መወልወያዬን ይዤ ቆሜ ነው። ኩባንያው የመደበኝ ሆስፒታል ውስጥ መሆኑን ያውቃሉ፤ የምጠርገው ደግሞ የስኳር ሕመምተኞች የሚታዩበትን ፎቅ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁለት ዓመት በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። እዚህ ሰው ካልሲውን አውልቆ ይገባል፤ ነርሶቹ ጣቶቹን አንድ በአንድ ገልጠው ያያሉ። ጥፍር የምታህል ቁስል ካገኙ ወደ ቤቱ አይመልሱትም። በስኳር ላይ የቆሰለ እግር ጊዜ አይሰጥም፣ አጎቴ።

መለኪያውን ረይሃና ለምትባል የጊንጆ ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ ኮንትራቷን ጨርሳ በዚህ ወር መጨረሻ ጅማ ትገባለች። እርስዎ ግን እሷን አይጠብቁ። የግል ክሊኒክም ቢሆን ይውሰዷት፣ ወጪው የእኔ ነው። ትናንት ስደውልላት "አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ሚዳቋ እዘላለሁ" አለችኝ። እንደ ሚዳቋ! ስትዋሽ እንኳ ልክ አታውቅም።

እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። ከእርስዎ በቀር እውነቱን የሚነግረኝ የለም።

ልጅዎ አሚራ


ሀሮ ቡሳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለአሚራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ በሄድሽበት መልካም ሰው ያጋጥምሽ። የዘገየሁት የምጽፈው ደስ የሚል ነገር እስኪገኝ ብዬ ነው፤ አልተገኘም።

መለኪያው ደርሶናል፣ አላህ ይስጥሽ። ጣቷን ወግቼ ደሟን ባስነካው፣ ቁጥር አልሰጥም ብሎ ሁለት የፈረንጅ ፊደል ጻፈ። ይዤው የቡ ሄድኩና ለደበበ አሳየሁት። ስቆ "ጋሽ ኸይሩ፣ ሰላም እያለህ ነው! ፈረንጅ ሰላም ሲል እንዲህ ነው" አለኝ። እኔም ሰላም ካለን ደህና ነው ብዬ ሁለት ቀን ተኛሁበት። በሦስተኛው ቀን ጵርስቅላ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ወረቀት አውጥታ "ስኳሩ ማሽኑ ከሚቆጥረው በላይ ነው" ብላ ጻፈችልኝ።

በዚያው ሰዓት ወደ ጅማ የሚያስኬደንን ሪፈር ጻፈችልን። ማህተም ቀረ። ማህተሙ የት ነው? የጤና ጣቢያው ኃላፊ ኪስ ውስጥ። ኃላፊውስ? ስልጠና ሄዷል። የምን ስልጠና ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ጵርስቅላ ከወረቀት ቀና ሳትል ጻፈችው፤ "የተገልጋይ እርካታ።"

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው። በግል እንሂድ ብላት እናትሽ ተቆጣች። "ለጤና መድን በየዓመቱ ስከፍል የኖርኩት ደብተሩን ትራስ ሥር ላኖረው ነው? ማህተሙ ይምጣ!" አለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ነገር ነው የሆነብን። እኔም አልገፋኋትም። ታላቅ እህቴ ናት፤ ልጅ ሆነን አዝላ ወንዝ ያሻገረችኝን ሴት እንዴት ብዬ በግድ እጎትታለሁ?

ጣቷ ጠቁሯል። ሽታም አለው። እውነቱን ጻፍ ስላልሽኝ ነው።

ኸይሩ


ኩዌት፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደበበን በስልክ አግኝቼው ይህን አሁኑኑ ባጃጅ ይዞ እንዲያደርስልዎ ለምኜዋለሁ።

ዛሬውኑ ይውሰዷት። ብትጮህም ይውሰዷት። ብትረግምዎም ይውሰዷት። በአላህ ይሁንብዎ።

አሚራ


ጅማ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ለእኔም ይስጠኝ።

ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ሳልጽፍ የቆየሁት እጄ እንቢ ብሎኝ ነው። ኅዳር 5 ቀን ወሰድናት። ደበበ በማለዳ ደብዳቤሽን ይዞ ሲመጣ ጵርስቅላ ከእኛ ቤት ነበረች፤ እሷም በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ "ማህተም አትጠብቁ። ዛሬ ጅማ" ብላ ጽፋ እጄ ላይ አኑራልኛለች። ጅማ ስንደርስ በድንገተኛ ተቀበሏት። ማህተም የጠየቀን አንድም ሰው የለም። ለካ ድንገተኛ ለሆነ ሰው ማህተም አይጠየቅም! አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን በር ስንደጅጠና ይህችን አንዲት ቃል የነገረን አልነበረም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እንደማልሰማ ሲያውቅ ቀስ ብሎ ጻፈልኝ። "ከሃያ ቀን በፊት ቢሆን ጣቷን ብቻ ነበር።" ከዚያ ከወረቀቱ ግርጌ እግር ሥሎ ከጉልበት በታች መስመር አሰመረበት። የሥዕሉን ነገር እስከምሞት አልረሳውም።

በመሃል አንድ ጊዜ ላሚቱን ለማየት ሀሮ ቡሳ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ከአልጋዋ ሥር ነኝ። ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ ብርድ ልብሱን ዳብሳ "ጎዶሎው ለአሚራ አይነገር" አለችኝ። ይኸው ነገርኩሽ።

አጎትሽ ኸይሩ


ኩዌት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። የእናቴን ቀሪ ዘመን አላህ ያቅልልላት፤ እርስዎንም ስለደከሙላት ይካስልን።

አለቀስኩ። የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ ባልዲ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ያንኑ ፎቅ ጠረግሁ። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች እግራቸው ሁለት ነው፤ አየኋቸውና ጠላኋቸው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ግን በዚህ አይቀርም። ጤና ጣቢያውን የሚቆጣጠረው የበላይ ቢሮ በቴሌግራም ቅሬታ ይቀበላል። ጽፌያለሁ። የሄዳችሁበትን ቀን፣ ማን ምን እንዳላችሁ፣ ማህተሙ የት እንደነበረ፣ አንድ በአንድ። ያቺ እግር እንዲሁ በዝምታ አትቀበርም። ያ ኃላፊ ስሟን ይወቅ። ዙቤይዳ ትባላለች።

አሚራ


ሀሮ ቡሳ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ። እናትሽ ቤቷ ገብታለች። አናጢው የእንጨት ምርኩዝ ሠርቶላት ነበር፤ ብብቷን ላጠው። የብረት ክራንች ብታገኚ ላኪላት፤ ቁመቷ እስከ ትከሻዬ መሆኑን አትርሺ።

ቅሬታ መጻፍሽን አገር ሰምቶታል፤ ደበበ አለልሽ። የሚገርመው ሰው ሁሉ የራሱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ልጁን ይዞ ሄዶ የወባ መድኃኒት የለም ተብሏል። አንዷ ምጥ ይዟት አምቡላንሱ ናፍጣ የለውም ተብላ በባጃጅ ወልዳለች። ገበያ ላይ "የለም ቤት" ብለው ስም አውጥተውለታል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ "የት ነበርሽ?" ሲባሉ "የለም ቤት" ይላሉ። ይስቃሉ። ሲያበቁ "አሚራ የእኛንም ትጻፍልን" ይሉኛል። ፈርሙ ስላቸው ግን ገበያው ይበተናል።

ለቁስሏ ሰኞና ሐሙስ እዚያው ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን፤ የስኳር መርፌዋንም የምትወስደው ከዚያው ነው። የተቆረጠበት ጫፍ አልገጥም ብሏል።

ኸይሩ


ኩዌት፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ለመጪው ረመዳን በሰላም ያድርሰን። ክራንቹ በሰው እጅ ተልኳል።

ቢሮው መለሰልኝ። ቃሉን እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ። "በተደረገው ማጣራት የታካሚዋ ቤተሰብ በኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተሞላ የተገልጋይ እርካታ መጠይቅ ላይ ለቀረቡላቸው አሥራ ዘጠኝ ጥያቄዎች በሙሉ በጣም ረክቻለሁ በማለት መልሰው በፊርማቸው ያረጋገጡ ስለሆነ ቅሬታው ተቀባይነት አላገኘም። ጤና ጣቢያውም በዚሁ ውጤት ከወረዳው አንደኛ ወጥቷል።"

አንደኛ! አጎቴ፣ ኅዳር 14 እናቴ ጅማ አልጋ ላይ ነበረች። በእኛ ስም ማን ነው የፈረመው? ጎረቤት ነው? ኃላፊው ራሱ ነው የሞላው? ይጠይቁልኝ። ሐሰተኛ ፊርማ መሆኑን ካስመሰከርን ቅሬታው እንደገና ይታያል።

አሚራ


ሀሮ ቡሳ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጾሙን ያግራልሽ። ክራንቹ ደርሶ እናትሽ እስከ በሩ ሄዳለች።

ስለ ፊርማው የጠየቅሽውን አጠያይቄያለሁ። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ይገባና ይወጣ ስለነበር ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ያስቸግራል። ወረቀት መቼም ብዙ ይሳሳታል። ነገሩን ቢተውት ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ዝም አይነቅዝም።

የዘንድሮ ቡና ዋጋው ደህና ነው። ጵርስቅላን ከዚህ አንስተው ባጃጅ የማይደርስበት ቀበሌ ክትባት ላይ መድበዋታል፤ ያለ ማህተም በሽተኛ ልከሻል ብለው ነው አሉ። ስትሄድ መጥታ እናትሽን ስማ ሄደች። ላሚቱ ወልዳለች።

ኸይሩ


ኩዌት፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጠይቁን ፎቶ ላኩልኝ ብዬ ለቢሮው ሦስት ጊዜ ጽፌ ትናንት ላኩልኝ።

ከግርጌው ያለውን ፊርማ አውቀዋለሁ። የ"ሩ" እግር ተስቦ ወደ ኋላ ይመለስና ስሙን ከሥር ያሰምርበታል። በዚህ ዓመት የጻፉልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ በፊቴ ተዘርግተዋል። አንድ ናቸው።

እንዴት?

አሚራ


ሀሮ ቡሳ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺ ሰላምታ ነፍገሽኛል፤ ተገቢ ነው። እኔ ግን ሰላም ሳልልሽ መጻፍ አልችልም።

ፊርማው የእኔ ነው።

ከጅማ ላሚቱን ለማየት የመጣሁ ዕለት ነበር። ያን ሰሞን የሰማ ሁሉ ሊጠይቀን ይመጣል። አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ታብሌት ይዛለች። የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅኋትም፤ ልትጠይቀን የመጣች መሰለኝ። አፏ ሲንቀሳቀስ "ጤና" የምትል ቃል የያዝኩ መሰለኝና ጤናችሁ እንዴት ነው ያለችኝ መስሎኝ "አልሐምዱሊላህ" አልኳት። ፈገግ ብላ ታብሌቷን ነካችው። ደግማ ጠየቀችኝ። "አልሐምዱሊላህ።" ደግማ። እኔ በልቤ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ የቤታችንን ሰው አንድ በአንድ ትጠይቃለች፣ አሁን ስለ አሚራ ይሆናል፣ አሁን ስለ ላሚቱ እላለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። አሥራ ዘጠኝ መሆኑን ካንቺ ነው የሰማሁት። በመጨረሻ ጣቴን ይዛ መስታወቱ ላይ አስፈረመችኝ፤ የጤና መድኑ እድሳት ነው ብዬ ፈረምኩ። ከጓሮ አቮካዶ ቆርጬ ሰጠኋትና መርቄ ሸኘኋት።

አልሰማም፣ ጻፊልኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። የማያውቁኝ ሰዎች ፊት ደንቆሮ ነኝ ማለት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ እየሳቅሁ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ነው የኖርኩት። ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል ይባላል፤ እኔ ያበድኩት የየካቲቱን ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት ነው። ከዚያም ዋሸሁሽ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እውነቱን የሚነግረኝ እርስዎ ብቻ ነዎት ብለሽኝ ነበር።

አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለተኛ ወረቀት አለ። እኔ ኸይሩ ጆሮዬ እንደማይሰማ፣ ጥያቄውን እንዳልሰማሁ፣ በጤና ጣቢያው እንዳልረካሁ፣ እህቴ እግሯን ያጣችው በመዘግየት እንደሆነ ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜያለሁ። የፈለገ ይክሰሰኝ። ለቢሮው ላኪው።

ይህን ካልኩ በኋላ የእናትሽንም ልጻፍ፣ ከእንግዲህ አልደብቅሽም። ሁለቱንም ወረቀት ከመላኬ በፊት አነበብኩላት። እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ክራንቿን ይዛ ተነሥታ በቀኜ በኩል መጣችና ጆሮዬ ላይ ጮኸች። "እኔን ቢጠይቁኝም ያንኑ ነበር የምላቸው! ሰኞ ቁስሌን የሚያጥበው ማን ነው? አንተ ነህ? አሚራ ናት? ጵርስቅላ እንደሆነች ሄዳለች! ቅሬታው ከተሰማ ወዲህ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የምገባው፤ ፋሻውን ሳያረጥቡ ነው የሚመነጭቁት። ያንን ወረቀት እንዳትልኩብኝ!"

ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ውጭ ነው የምጠብቃት፤ ስትወጣ እንዴት ሆንሽ እላታለሁ፣ ምን እንደምትለኝ ታውቂዋለሽ።

ወረቀቱ እጅሽ ነው። እኔ ላኪው እላለሁ፣ እሷ አትላኪው ትላለች። ፍረጂ።

አጎትሽ ኸይሩ


ኩዌት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ኸይሩ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ባለፈው ሰላምታ ስላጎደልኩ ይቅር ይበሉኝ። በእርስዎ ላይ የያዝኩት ቂም የለም። ቂም አለኝ፣ ግን በማን ላይ እንደማደርገው አላውቅም።

ወረቀቱን አሳትሜ ለሁለት ሳምንት በሥራ ልብሴ ኪስ ይዤው ዞርኩ። ሁለት ጊዜ ቴሌግራሙን ከፍቼ ልልከው ስል ፋሻው እየታየኝ ዘጋሁት። አልላክሁትም። እንደማልልከውም ለእናቴ ይንገሯት።

በሚቀጥለው ሳምንት የሰኮሩ ልጅ የሆነች ጓደኛዬ ትመጣለች። ለእናቴ ቀሚስና ለስላሳ ፋሻ ልኬላታለሁ። አንድ ሌላ ትንሽ ካርቶን አለ፣ ሽቶ ነው፣ ደህና ሽቶ፤ የአንድ ወር ትርፍ ሰዓቴን አውጥቼበታለሁ። እሱ ለኃላፊው ነው። ሰኞ ጠዋት፣ እናቴ ተራ ሳትይዝ በፊት፣ ቢሮው ገብተው በእጁ ይስጡልኝ።

አሚራ በጣም ታመሰግናለች ይበሉት።

ልጅዎ አሚራ